የቪትዝ ታናሽ ወንድም ምን ልዩነት ቀረው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጃፓን ውስጥ እስከ 2020 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪትዝ ተብሎ የተሸጠው መኪና አውሮፓ ውስጥ ስሙ ያሪስ ነው። እዚያ ግን ከያሪስም የሚያንስ ሌላ ቶዮታ አለ፤ አይጎ ይባላል። አንድ አምራች በሚጠብብ ገበያ ውስጥ ሁለት መኪኖቹ እርስ በርስ እንዳይሻሙ የሚያደርገው ጥረት የአይጎን ያህል ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የትንንሽ መኪና ችግር ቀላል ሂሳብ ነው። ኤርባግ፣ የፍሬን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት፣ እነዚህ ሁሉ መኪናው ስላነሰ ብቻ ዋጋቸው እምብዛም አይቀንስም። መኪናው ግን በርካሽ ካልተሸጠ ማን ይገዛዋል? ለዚህ ነው ቶዮታ በ2005 አይጎን ሲጀምር ወጪውን ከፔዦና ከሲትሮየን ጋር የተካፈለው። ሦስቱም መኪኖች ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኮሊን ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ይወጡ ነበር። ቮልስዋገንም በተመሳሳይ መንገድ አፕ፣ ሽኮዳ ሲቲጎና ሲያት ሚን ብራቲስላቫ ውስጥ ሠራ። ዛሬ ሦስቱም የሉም፤ የመጨረሻው አፕ በ2023 ቆመ። ፔዦ 108ና ሲትሮየን ሲ1ም ያለ ተተኪ ቀሩ፣ የኮሊን ፋብሪካም ከ2021 ጀምሮ ጠቅላላ የቶዮታ ሆነ።

ቶዮታ ግን አልወጣም። በ2022 አይጎ ኤክስን አመጣ፤ ያውም ያሪስ በተሠራበት ፕላትፎርም ላይ። እዚህ ጋ ነው ጣጣው። መሠረታቸው አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች በምን ይለያሉ? የመጀመሪያው መልስ ጥሩ ነበር ባይ ነኝ። አይጎ ኤክስ 3.70 ሜትር፣ ያሪስ 3.94 ሜትር። አይጎ ባለ 1.0 ሊትር፣ 72 ፈረስ ጉልበት ተራ የቤንዚን ሞተር፤ ያሪስ በዋናነት ባለ 1.5 ሊትር፣ 116 ፈረስ ጉልበት ሃይብሪድ። አንዱ ለከተማ፣ ሌላው ለረጅም መንገድም ጭምር። የአይጎ የኋላ በር መስታወት እንኳ ወደ ታች አይወርድም፤ በማጠፊያ ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ ይላል እንጂ። ቅር ያሰኛል፣ ግን ማውረጃው ሞተርም ስልቱም ክብደትና ገንዘብ ነው። ለርካሽ መኪና ይቅር የሚባል ቁጠባ ነው።

ከዚያ የካርቦን ሂሳቡ መጣ። የአውሮፓ ሕግ የሚለካው አምራቹ የሸጣቸውን መኪኖች አማካይ ስለሆነ፣ በኪሎ ሜትር ከ100 ግራም በላይ የሚያወጣ ትንሽ ቤንዚን መኪና ሸክም ነው። ቶዮታ በ2025 ምን አለ? አይጎ ኤክስም ሃይብሪድ ይሆናል፣ ልቀቱም ወደ 85 ግራም ይወርዳል። ሞተሩ? ያው የያሪስ 1.5 ሊትር፣ ያው 116 ፈረስ ጉልበት። ሞተሩ አልገባ ስላለ የመኪናው አፍንጫ 76 ሚሊ ሜትር ተረዘመ።

ኢንጂነሪንጉን አደንቃለሁ። ባትሪውን የኋላ ወንበር ሥር አስገብተው የዕቃ ቦታውን በ231 ሊትር ማቆየት ቀልድ አይደለም። አሮጌው አይጎ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 15 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ አዲሱ ከ10 በታች። ትችቴ ሌላ ነው፦ ልዩነቱን የሚሸከመው ሞተር ከጠፋ በኋላ የቀረው ምንድን ነው? 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ የዕቃ ቦታ (የያሪስ 286 ሊትር ነው) እና ያ የማይወርድ መስታወት። መስታወቱ ድሮ ቁጠባ ነበር። ውድ ሃይብሪድ በተጫነበት መኪና ላይ ግን ገዢውን ወደ ያሪስ የሚገፋ ማነቆ ይመስላል።

ቶዮታ ራሱም መጋጨቱን ሳያየው የቀረ አይመስልም። በ2024 ለያሪስ 130 ፈረስ ጉልበት ያለው ሃይብሪድ ጨምሮለታል፤ ታላቁ ከታናሹ ለመራቅ አንድ ደረጃ ወጣ ማለት ነው። ባለ 116ቱ ያሪስ ግን አሁንም ከአይጎ ጎን ቆሞ ይሸጣል።