ፊደልና መፈክር በብሃጋት ሲንግ ሕይወት

ስለ ሕንዳዊው አብዮተኛ ብሃጋት ሲንግ (እ.ኤ.አ. 1907–1931) የሚጻፉት የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ገጻቸውን ለሽጉጡ፣ ለቦምቡና ለስቅላቱ ይሰጣሉ። በላሆር ወህኒ ቤት በ23 ዓመቱ የተሰቀለው ይህ ወጣት በፑንጃቢ፣ በኡርዱ፣ በሂንዲና በእንግሊዝኛ ይጽፍ እንደ ነበር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለቋንቋ አጥኚ ዋናው ቁም ነገር ያለው ከዚያ ከታለፈው ላይ ነው።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ስለ ፑንጃብ የቋንቋና የጽሕፈት ችግር በሂንዲ አንድ ድርሰት ጽፏል፤ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። መነሻው ብርቱ ነው፤ ማዚኒ በብዕር መንገዱን ባይጠርግ ኖሮ ጋሪባልዲ ያን ያህል ባልቀናው ነበር ይላል። መደምደሚያው ግን መነሻውን አይመጥንም። ጉርሙኪ ጎደሎ ነው፣ የኡርዱ ጽሕፈትም ምሉዕ ካለመሆኑ ሌላ መሠረቱ ፋርስኛ ነው፤ ስለዚህ ፑንጃቢ በሂንዲ ፊደል ይጻፍ የሚል ነው። እዚህ ላይ ጽሕፈትና ቋንቋ ተምታተዋል። ፑንጃቢ ቃና ለዋጭ ቋንቋ ነው፤ ጉርሙኪም ቃናውን የቀድሞ ድምፃቸውን በጣሉ ፊደላት አማካይነት ይጠቁማል። በዚህ ረገድ የሂንዲ ፊደል የሚጨምርለት አንዳች ነገር የለም። ደራሲው ራሱ ኋላ በአምሪትሳር ይታተም ለነበረው ለ«ኪርቲ» መጽሔት በፑንጃቢና በኡርዱ መጻፉ ከድርሰቱ ይልቅ አሳማኝ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1929 በዴልሂው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከባቱኬሽዋር ዱት ጋር ቦምብ ሲወረውር ያሰማው መፈክር «ኢንቂላብ ዚንዳባድ» ነበር። የመጀመሪያው ቃል ዐረብኛ፣ ሁለተኛው ፋርስኛ ነው። በድርሰቱ እንደ ባዕድ ከቆጠረው ጎተራ የተቀዳው ሐረግ የስሙ መታወቂያ ሆኖ ቀረ! አንድ የመጽሔት አዘጋጅ መፈክሩን ሲያናንቅ ሁለቱ እስረኞች በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በሰጡት መልስ፣ አብዮት የግድ ቦምብና ሽጉጥ አለመሆኑን፣ «ዚንዳባድ»ም የለውጥ መንፈስ አይጥፋ ማለት እንደ ሆነ አስረድተዋል።

ይህ ክርክር በትርጉም ጊዜ ይከብዳል። «ኢንቂላብ» ሥሩ መገልበጥ ነው፤ የስዋሂሊው «ማፒንዱዚ»ም እንዲሁ። በዛሬው ዐረብኛ ግን ቃሉ ይበልጡን የሚያገለግለው መፈንቅለ መንግሥትን ለማለት ሲሆን፣ ለአብዮት «ሠውራ» ይባላል። የአማርኛው «አብዮት» ከግእዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ የመጣ ነው። እስረኞቹ በመልሳቸው ለቃሉ ለሰጡት ፍቺ፣ ከመገልበጡ ይልቅ እምቢታው ይቀርባል።