ትንሿ የመሞከሪያ አምፖል

ከመገናኛ በኮተቤ አልፎ ወደ ካራ በሚያወጣው መንገድ የጭነት መኪና ኤሌክትሪሺያን ሲሠራ ቆም ብሎ ያየ ሰው፣ ትንሿን የመሞከሪያ አምፖል ሳያደንቅ አያልፍም። ባለ 24 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ፤ ሌላ ነገር የላትም።

የተሳቢው ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱም አብሮት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ችኩል ሰው አምፖል ይቀይራል። የባሰበት ደግሞ ትልቅ ፊውዝ ይከታል፤ ሽቦ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ጥሩ ባለሙያ ግን የተሳቢው ገመድ ከሚሰካበት የመኪናው ሶኬት ይጀምራል። የአምፖሏን አንዱን ሽቦ ከመኪናው ሻንሲ ያስነካና፣ ሾፌሩን መብራት እያስበራ፣ ከሰባቱ ቀዳዳዎች ስድስቱን በየተራ ይሞክራል። የቀረው አንዱ የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር ነው። ሁሉም ካበሩ ከመኪናው የሚወጡት ስድስቱ መስመሮች ደህና ናቸው። ቀጥሎ ከተሳቢው ሻንሲ ወደ መኪናው ሻንሲ ጊዜያዊ ሽቦ ይዘረጋል፤ መብራቶቹ ወዲያው ከተስተካከሉ የተበላሸው መመለሻው ነው። ብዙ ጊዜ ዝገት የበላው አንድ ብሎን ይገኛል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አጥብቆ፣ ግሪስ ይቀባዋል። በግምት የተነካ አንድም ነገር የለም፤ ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብራለሁ።

ፓውዛ ሲጨመርም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለ 70 ዋት ሁለት ፓውዛ ወደ 6 አምፔር ስለሚስብ የራሱ ሪሌና ፊውዝ ይኑረው።

በክረምት የእንጦጦ ጉም ሲወርድ ተሳቢን ከኋላ የሚያሳየው መብራቱ ነው። ሾፌሮች ሆይ፣ ወደ ሰንዳፋ ከመነሳታችሁ በፊት ረዳታችሁ ከኋላ ቆሞ ፍሬኑንም ፍሬቻውንም ይይላችሁ።