እርሻ ሊያጠና ገብቶ ነበር፤ ግን

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ይዤ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ሰሞኑን የምትማረውን መርጣ ፎርም መሙላት አለባት። ሥዕል ትሥላለች። የዘመድ አፍ ነው እንዳትሉኝ እንጂ፣ እጇ የእውነት ነው። እናቷ ደግሞ ፋርማሲ ብላ ቆርጣለች። እኔ የተጠራሁት ለሽምግልና ነው። ሽማግሌው ራሱ በዚሁ ጉዳይ ከራሱ ጋር ሃያ ዓመት ያልታረቀ ሰው መሆኑን ግን ማንም አላስታወሰም።

አንዱ ሥዕል ፊት ቆመን፣ እኔ እንደ አስጎብኚ ጉሮሮዬን ጠርጌ ታሪኩን ጀመርኩላት። ይኼ ሰው ኮሌጅ የገባው እርሻ ሊያጠና ነበር፤ ግን ልቡ ሥዕል ላይ ስለነበረ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ፤ ጀርመን ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም የዘመናዊ ሥዕላችን አባት ከሚባሉት አንዱ ሆነ። አልኳት። ልጅቷ ሥዕሉን ሳትለቅ፣ «ጋሼ፣ ካቋረጠ በኋላ ማን ነበር የሚያበላው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሙዚየሙን ዞረን እስክንጨርስ ግን መልስ አልሰጠኋትም፤ አልነበረኝማ።

የኪነ ጥበብ ሰዎቻችንን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ አንዲት የማይተዋት ዓረፍተ ነገር አለችው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ግን ሠዓሊ ሆኑ። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲያጠኑ ነበር፤ ግን ሙዚቃ ለንደን ወሰዳቸው፣ ከዚያም አሜሪካ በርክሊ። ገብረ ክርስቶስ እርሻ፤ ግን። (ሌሎቹን አንቱ ብዬ እሱን አንተ ማለቴ ከንቀት አይደለም። ሞክሬ እምቢ አለኝ፤ ግጥሙን ያነበበ ሰው አንተ ሳይለው አይቀርም።) ታሪኮቹ እውነት ናቸው። እኔን የሚከነክነኝ «ግን» የምትለው ቃል ናት። በአንድ በኩል ዳቦ፣ በሌላ በኩል ተሰጥኦ ታቆምና፣ ጀግናው ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለለ ብላ ታልፋለች። ሲዘል ከሥሩ ማን እንደያዘው አትነግረንም። አንድ ሌላ ነገርም ትደብቃለች፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

አፈወርቅን እንይ። ማዕድን ተማር ብሎ የላካቸው መንግሥት፣ ሠዓሊ ሆነው ሲመለሱ ሥራ የሰጣቸውም እሱ ራሱ መንግሥት ነው። የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ናቸው። ያን ያህል መስታወት በግል ፍላጎት ብቻ ተነስቶ የሚሠራ ሠዓሊ የለም፤ የሚያዝ፣ የሚከፍል፣ ግድግዳውን ክፍት አድርጎ የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ደፍሬ ልናገርና፣ መስኮቶቹ ፊት ስቆም ሁልጊዜ የሚሰማኝ አንድ ትልቅ ግድብ ሳይ የሚሰማኝ ዓይነት አድናቆት ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ታስቦበታል፤ ሸክሙን ይሸከማል። ምሕንድስናው የት ሄደ? እዚያው ነው ያለው። አፈወርቅ ሙያ ትተው ወደ ዝንባሌ አልሄዱም፤ ዝንባሌያቸውን መንግሥት የሚፈልገው ሙያ አደረጉት እንጂ። ይኼ ደግሞ ከመዝለል የበለጠ ከባድ ሥራ ነው።

ገብረ ክርስቶስ ሐረር ነው የተወለደው፤ 1924 ዓ.ም.። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ ብራና ላይ ይጽፉ፣ ይሥሉም ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለአባትየው «ጥበብ ወይስ እንጀራ?» የሚባል ጥያቄ አልነበረማ! ሥዕሉም፣ ጽሕፈቱም፣ ሙያውም፣ አምልኮውም አንድ ነገር ነው። ወደ ቅኔ ቤት ብንሄድ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወርዶ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ፣ ግጥም «ከትምህርቱ ጎን» የሚሞክራት ነገር አይደለችም፤ ትምህርቱ ራሷ ናት። ቅኔ የተቀኘ ሰው ሥራ ያገኛል፤ ያስተምራል፤ ይሾማል። ያን ሁሉ ዓመት ማን ያበላዋል ለሚለውም መልስ አለ፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከየደጁ የሚቆርሱለት ገበሬዎች ናቸው። ድህነቱን ላሳምር አይደለም፤ ውሻውም ቁንጫውም አለ። ግን የገጣሚውን ወጪ ሀገር ይሸፍነው እንደነበር ማንም አይክድም።

«የሚወዱትን ወይስ የሚጠቅመውን?» የሚለው ሹካ መንገድ እንግዲህ ከኮሌጁ ጋር የመጣ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ሀገሪቱ ሐኪም የላት፣ መሐንዲስ የላት፣ የእርሻ ባለሙያ የላት። እያንዳንዱ ወንበር በሀገር ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ተቀምጦበት የሚያልም ልጅ የሰው ቦታ የያዘ ያህል ነው። ገብረ ክርስቶስ ያን ወንበር ትቶ ሲወጣ የተወው ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ገበሬ በሞላበት ሀገር እርሻ ትቶ ሥዕል! ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ሆነን ስንሰማው ጀግንነት ነው። በጊዜው አጎቶቹ ምን ብለውት ይሆን?

ከዚያ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ይመጣል። ጀርመን፣ ኮሎኝ፣ በትምህርት ዕድል፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961። ሲመለስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር። ትምህርት ቤቱን አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ከአሥር ዓመት በፊት ተመልሶ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥረው ተቋም ራሱ የለም። ረቂቅ ሥዕሎቹን ሰው «ይኼ ምንድነው?» ብሎ አጉረመረመባቸው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ መልሱ ይኼ ነው፤ ያበላው የመምህር ደመወዝ ነው። ከእርሻ የወጣው ወደ ባዶ ሜዳ ሳይሆን፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ቢሆንም፣ ወደ ሌላ ተግባራዊ ሙያ ነው።

«ግን» የምትደብቀው ሁለተኛው ነገር ግጥሙ ነው። ገብረ ክርስቶስ መምረጥ የነበረበት ከሁለት ነገር መሃል አልነበረም፤ ከሦስት ነው። እርሻ የትምህርት ክፍል ነበረው። ሥዕል ትምህርት ቤትም፣ ሽልማትም፣ ኤግዚቢሽንም ነበረው። ግጥም ምን ነበረው? የአማርኛን ግጥም ከለመደው ቤት አመታት አስወጥቶ በሰፊ ሜዳ የለቀቀው ሰው፣ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የወጡለት በ1998 ዓ.ም. ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ካረፈ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ርዕሱ በራሱ አቤቱታ ይመስላል።

የሚገርመው ደግሞ፣ ሥዕሎቹን ያየ ሰው ጥቂት ነው። ሙዚየሙ ፀጥ ያለ ነው፤ በሄድንበት ቀን ከኛ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። «ሀገሬ»ን የማያውቅ ግን ማን አለ? በየትምህርት ቤቱ መድረክ፣ በየስደተኛው ስብሰባ የሚነበብ ግጥም ነው። ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራው ነው ሕዝብ ጋ የደረሰው። ከዚህ ተነስቶ «እውነተኛ ጥበብ ያለ ክፍያ ነው» ብሎ የሚደመድም አይጠፋም። እኔ አልደመድምም። ያልታተመው ግጥም ስንት እንደነበረ፣ ጊዜ ቢኖረው ምን ይጽፍ እንደነበር የሚነግረን የለምና። ነፃነት ነው ብለን የምናደንቀው ነገር አንዳንዴ ችላ መባል ነው።

ሥዕሉንም ግጥሙንም አብሮ ላየ ሰው ሌላም ነገር ይታየዋል። «የጠፈር ባይተዋር»ን ያነበበ ሰው ከምድር ርቆ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ያገኛል። የሳይንስ ተማሪው ተመለሰ ልበል? አልምልም፤ እሱ ኮሎኝ የገባበት ዓመት ስፑትኒክ የተተኮሰችበት ዓመት ነው፤ ጠፈር የዘመኑ ወሬ ነበር። ግን ሰው የተወውን ትምህርት እንደ ኮት አውልቆ አይጥለውም። አዳም ረታ ጂኦግራፊ ነው የተማረው። የሱን ልቦለድ ስናነብ ሰፈሩን፣ ቁልቁለቱን፣ ጓሮውን ካርታ እንደሚያነሳ ሰው የሚያየው ከየት አመጣው? የአጻጻፍ ዘይቤውን «ሕጽናዊነት» ብሎ በእንጀራ ዓይኖች አምሳል ሲሰይም፣ የአንድን ነገር ገጽ አይቶ ከሥሩ ያለውን ሥርዓት የሚፈልግ አእምሮ ነው የሚሠራው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ሲያቀርቡ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ እንጂ ከሥራ ሸሽተው ጫካ አልገቡም። ለነዚህ ሰዎች «ግን» የሚለው ቃል አይሠራም፤ «እና» ነው የሚያስፈልጋቸው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን «እና»ን አይወዷትም፤ ድራማ የላትማ።

ራሴን ልጨምር፤ ሽማግሌ ነኝ ብያለሁና። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የተማርኩት አምስት ኪሎ ነው፤ ማታ ማታ ግን ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ እወጣና ኬኔዲ ላይብረሪ ገብቼ የአማርኛ ግጥም አነብ ነበር። መንገዱ በእግር አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ለኔ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ነበር። ሁለት ደብተር ግጥም ጽፌያለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ ድልድይ ሠራሁ፤ ሦስት። ግጥም አንድም አላሳተምኩም። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱን የአባቴ አድርጌ ኖሬያለሁ፤ «ግጥም ስትበላ አየሃለሁ» ያለኝን ቀን በየግብዣው እየተረክሁ፣ ሰው እያሳቅሁ። የእህቴ ልጅ ሙዚየም ውስጥ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ነው የአባቴ ጥያቄም ይኼው እንደነበር የገባኝ። የአምስት ልጆች አባት፣ አስተማሪ፤ ማን ሊያበላኝ እንደሚችል ስንት እንደሆነ እስከ ሳንቲሙ ያውቅ ነበር። ደግሞስ ሳይት ላይ በድንኳን ያደርኩባቸው ማታዎች ሁሉ የኔ አልነበሩም? ፋኖስ ነበረኝ፤ ደብተርም ነበረኝ። ካርታ ስጫወት ነው ያመሸሁት።

ከኔ በኋላ የመጡት ደግሞ ምርጫው ራሱ ተወሰደባቸው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ሰባ እጁ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ እጁ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። ሰባ ሠላሳ። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ፋብሪካ ነው ያሰበው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን ከሰባው ውስጥ ስንቱ ልጅ ነው ማታ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው? ነገ የነሱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ኢንጂነሪንግ ሊያጠና ገባ፤ ግን» ማለት አይችልም፤ «ተመደበ» ነው የሚለው። ተመደበ ከሚለው ግስ ጀግና ማውጣት ይቸግራል።

ከሙዚየሙ ወጥተን ቡና ስንጠጣ ለእህቴ ደወልኩ። ሽምግልናዬን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ ሥዕል ከመረጠች የቀለሙንና የሸራውን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ፋርማሲ ከመረጠችም የቀለሙንና የሸራውን ወጪ እኔ እችላለሁ። እህቴ ለአፍታ ዝም አለችና «ይኼን ለማለት ነው ሙዚየም ድረስ የሄዳችሁት?» አለች። እንደተናደደች ገብቶኛል፤ እንደቀለላትም።

ልጅቷ ፎርሙን ገና አልሞላችም። የገዛሁላትን የግጥም መጽሐፍ መሃሉን ገልጣ ታነብ ነበር፤ ቀና አለችና፣ «ጋሼ፣ እርሻ የተማረው የት ጋ ነው?» አለችኝ።

«አራት ኪሎ። ቁልቁል።»

«በእግር ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሃያ ቢሆን ነው።»

ሒሳብ ከፍለን ወረድን።