አቧራ ሳያስነሡ መጠገን

የቦይለር ጠጋኝ ሙያው የሚለካው በፍጥነቱ ነው። ፋብሪካው ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ ብቅ እያለ «መቼ ይነሣል?» ይላል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ቆይቼ የደረስኩበት ሌላ ነው፤ የጥሩ ጠጋኝ መለያው አቧራ ሳያስነሣ ፈትቶ መግጠሙ ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እንፋሎት የሚፈልግ ሥራ ብዙ ነው። ሜታ አቦ ቢራ ሰበታ ላይ ከተተከለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢራ ለመጥመቅም፣ ጨርቅ ለማቅለምም፣ ምግብ ለማቀነባበርም ቦይለር ያስፈልጋል። አዲስ የሚተክል አለ፤ ያገለገለ የሚገዛም አለ። ያረጀ ቦይለር በምን እንደተሸፈነና እንደታሸገ የሚገልጽ ወረቀት ግን ከማሽኑ ጋር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ብዙዎች አስቤስቶስ የተባለው ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን አለበት ብለው የሚፈሩት የእሳት ጡቡን ነው። አስቤስቶስ በብዛት የሚገኘው ግን በጡቡ ዙሪያ ነው፦ በበሩ ማሸጊያ ገመድ፣ በጡቡና በብረቱ መካከል በገባው ሰሌዳ፣ በፍላንጅ ጓርኒሲዮን፣ በቫልቭ ፓኪንግ፣ በእንፋሎት ቱቦ ላይ በተለሰነው ነጭ ልባስ።

ለዓመታት ሙቀት የበላ ጓርኒሲዮን ከፍላንጁ ፊት ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ረዳቱ በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል፤ የቀረውን በኮምፕሬሰር አየር ይነፋዋል። ግራጫው ብናኝ ሲበተን ይታያል፤ የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። አስቤስቶስ እንደ ቃጫ በቁመቱ እየተተረተረ ከዓይን እስኪሰወር ይቀጥናል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የገባውን ሰውነት ማሟሟት አይችልም።

በሽታው ወዲያው አለመምጣቱ ሰውን ያዘናጋል። የሳንባ ጠባሳ የሆነው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰርና የሳንባ ሽፋን ካንሰር የሆነው ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። የሚያጨስ ሠራተኛ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይበልጥ ይጨምራል። አሜሪካዊው ሐኪም ኢርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት ጥናት የኒውዮርክና የኒውጀርሲን የኢንሱሌሽን ሠራተኞች የሚመለከት ነበር፤ የእኛው ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በሌሎች አገሮች የባላቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶችም ታመዋል።

«አዲሱ አስቤስቶስ የለውም» ብሎ መዝናናትም አይገባም። በምትኩ የመጣው ሴራሚክ ፋይበር ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲግል ቆይቶ በከፊል ክሪስቶባላይት ወደሚባል የሲሊካ ዓይነት ይለወጣል። የእሳት ጡብ ሲፈለጥም የሲሊካ ብናኝ ይወጣል። ሲሊካ ደግሞ ሲሊኮሲስና ካንሰር ያመጣል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ በላቦራቶሪ እስኪጣራ ድረስ አሮጌ ልባስና ጓርኒሲዮን ሁሉ አስቤስቶስ ነው። ቦይለሩ ከቀዘቀዘና ከተቆለፈ በኋላ ጥቂት ሳሙና በገባበት ውኃ በቀስታ ይርሳል። በእጅ መፋቂያ ይነሣል እንጂ ግራይንደር አይነካውም። በአየር አይነፋም፤ በደረቁ አይጠረግም። ፍርስራሹ እርጥብ እንዳለ በድርብ ወፍራም ላስቲክ ታስሮ ምልክት ይደረግበታል። የጨርቅና የሕክምና ማስክ ይህን ብናኝ አያስቀርም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ፒ3 ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ቱታው እዚያው ይቀራል፤ ቤት አይገባም። እንዲህ መሥራት ጥገናውን ያዘገየዋል፤ መዘግየቱ ግን የሥራው አካል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብን፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ ማስመርመርንም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ባለፋብሪካዎች ሆይ፣ ቦይለር ስትገዙ የልባሱንና የማሸጊያውን ዝርዝር ጠይቁ፤ የምትጠረጥሩትን አስመርምሩ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደፈታ መዝግባችሁ አስቀምጡ። ሐኪሞች ሆይ፣ የሚያስል ጡረተኛ ሲመጣ የቀድሞ ሥራውን ጠይቁት። ወጣቱ ጠጋኝ ወንድሜ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢቸኩልም ከመፋቅህ በፊት አርስ።