የተፈረመ ወረቀትና የዳነ ሕመምተኛ

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር አቱል ጋዋንዴ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት «ዘ ቼክሊስት ማኒፌስቶ» የተሰኘ መጽሐፍ፣ የጤና አገልግሎትን ጥራት ስለማሻሻል ከተጻፉት ሥራዎች መካከል በሰፊው ከተነበቡት አንዱ ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው። በዘመናዊ ሕክምና ብዙ ጉዳት የሚደርሰው የሚታወቀውን በወቅቱ ካለመፈጸም ነው፤ ስለዚህ የባለሙያው ትውስታ በአጭር ማመሳከሪያ፣ ማለትም በቼክሊስት፣ ሊደገፍ ይገባል።

ደራሲው ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በእርሳቸው መሪነት የተዘጋጀው የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦች አሉት፤ ቡድኑም ሰመመን ከመሰጠቱ፣ ቆዳ ከመቀደዱና ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ እንዲነጋገር ያዛል። ከቶሮንቶ እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ በ8 ከተሞች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ ዋና ዋና የቀዶ ሕክምና መዘዞች ከ11 ወደ 7 በመቶ፣ ሞትም ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል።

ይሁንና ጥናቱ የእነዚያኑ ሆስፒታሎች በፊትና በኋላ ያነጻጸረ እንጂ ማወዳደሪያ ቡድን የነበረው አልነበረም። መጽሐፉ ከወጣ ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በ101 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት የተለየ ውጤት አሳየ። ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ ወረደ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። ሆስፒታሎቹ ግን ቼክሊስቱን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ እንደሚጠቀሙበት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። የክትትሉ ጊዜ አጭር፣ የሞቱም መጠን ከመነሻው ዝቅተኛ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የሆነ ሆኖ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሪፖርት የተደረገው የቡድኑ ንግግር ነው ወይስ የወረቀቱ መሞላት?

በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሚሠራ አንባቢ ጥያቄው እንግዳ አይሆንም። ሕመምተኛው ወደ ማገገሚያ ከተወሰደ በኋላ አንድ ነርስ ሁሉንም ሣጥን «አዎ» እያለ ሲሞላ ማየት ይቻላል። ወረቀቱ በካርዱ ውስጥ ይገኛል፤ ለይስሙላ ግን ነው።

የመጽሐፉ ድክመት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ደራሲው ቼክሊስትን ከአውሮፕላን አብራሪዎች ልምድ ጋር እያነጻጸሩ የባለሙያውን ሥነ ሥርዓት ያጎላሉ። አብራሪ ግን መሣሪያው ከተበላሸ ላለመነሣት ይችላል። ኦክሲጅን መለኪያ በሌለበት ክፍል ደም እየፈሰሳት የመጣችን ወላድ የተቀበለ ቡድን ይህ ምርጫ የለውም። ቼክሊስቱ መለኪያው እንዳለ ይጠይቃል፤ አይገዛውም። መልሱ «የለም» ሲሆን ኃላፊነቱ ከቡድኑ ወደ ተቋሙ አስተዳደር መሸጋገሩ ከባለሙያው ሥነ ሥርዓት ያላነሰ ትኩረት ይሻ ነበር።

የደራሲው ቀጣይ ሥራ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታለመ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት ላይፍቦክስ የተሰኘ ድርጅት ኦክሲጅን መለኪያን ከሥልጠና ጋር ያቀርባል። ድርጅቱ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው የቁስል ኢንፌክሽን መከላከያ ሥራ ቼክሊስቱ ብቻውን አልቀረበም፤ የዕቃ ማምከን፣ የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የአንቲባዮቲክ አሰጣጥ ጊዜና የጎዝ ቆጠራ ደረጃ በደረጃ ተፈትሸው ክፍተቱ የታየበት አሠራር ተስተካክሏል። በ5 ሆስፒታሎች የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም ኢንፌክሽኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል መቀነሱ ተገልጿል።

መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ አጻጻፉ ግልጽ፣ ዓላማውም ቀና ነው። ሆኖም ያነበበ የሆስፒታል ኃላፊ ስንት ቅጽ እንደተሞላ ከመቁጠር ይልቅ በወሩ ውስጥ ስንት «የለም» እንደተመዘገበና ከእነርሱ ስንቱ እንደተስተካከለ ቢጠይቅ ይበጃል። «የለም» የሚል መልስ ፈጽሞ የማይገኝበት የቼክሊስት መዝገብ ሊያስመሰግን ሳይሆን ሊያሳስብ ይገባል።