ያለ ፍርድ የሚያስታርቁ

ዳኛ ይፈርዳል፤ የሥራ ክርክር አስማሚ ግን በማንም ላይ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ሙያውን የማከብረውም ለዚህ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በደመወዝ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ የተነሳ የወል ክርክር ሲቀርብለት መንግሥት አስማሚ ይመድባል። ጊዜው 30 ቀን ነው፤ ካልተሳካ አስማሚው ምክንያቱን ዘርዝሮ ሪፖርት ያደርጋል፣ ጉዳዩም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል።

በሥራው የበሰለ አስማሚ ተኮራርፈው የመጡትን ለየብቻ ያነጋግራል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ከ15 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ በታች አንፈርምም» ቢለው፣ በቁጥሩ ከመከራከር ይልቅ ሠራተኛው ከየት እንደሚመላለስ፣ ማታ ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ደግሞ ሒሳቡን መስመር በመስመር ያያል። የጭማሪው ጥያቄ እኩሌታው የሰርቪስ ጥያቄ ሆኖ የሚገኘው ያኔ ነው። ከአንዱ የሰማውን ምስጢር ለሌላው አያሾልክም፤ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፣ አንዲት ቃል ካፈተለከች ማንም አያምነውምና።

በዚህ መንገድ የተፈረመው ስምምነት የሁለቱም ወገኖች የራሳቸው ስለሆነ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ ሥራ የሚገባ ወገን የለም። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በየክልሉ ቢሮ በርከት ቢሉ፣ ደመወዛቸውም የድካማቸውን ያህል ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ!