የጋራው አዳራሽና የአካባቢው ሙያ

በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አይስአዲስ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፈጠራ ማዕከል እንደሆነ ይታወቃል። ሥራውን የጀመረው በቀድሞው የሕንጻ ኮሌጅ ግቢ ሲሆን፣ በጀርመን ከሚገኘው የቫይማር ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረው ግንኙነት ለምሥረታው ረድቷል። የጅምሩ ብርታት የመነጨው ከሕንጻው መልክ ይልቅ ከሥፍራው ምርጫ ነው፤ ንድፍ የሚማረው ወጣት፣ መሣሪያውና ሐሳብ አፍላቂው ባንድ ግቢ ተገናኝተዋልና። ይሁንና ከእንዲህ ያሉ ማዕከላት ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ይህ ቁም ነገር ሳይሆን መስተዋቱና ባለቀለሙ ወንበር ነው።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ይኸው ንድፍ እንዳለ ወደ ደብረ ሲና ቢወሰድ ነው። ከጣርማ በር ግርጌ ባለችው በዚህች ከተማ ብርዱና ጉሙ ለመስተዋት ግድግዳ አይመቹም፤ ገበያዋም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከሚያልፈው መንገደኛ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ለደብረ ሲና የሚስማማው አዳራሽ ወፍራም የድንጋይ ግንብና ወደ ጎዳናው የሚከፈት ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ቆሎ ሻጯም ከኮምፒዩተር ባለሙያው ወጣት ጋር ስለ ንግዷ የምትመካከርበት ሊሆን ይገባል። ንድፍ አውጪው ወረቀቱን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ከእርሷ ዘንድ ቀርቦ ሊጠይቅ ግድ ነው፤ ይህ ካልሆነ ቤቱ የጋራ ቢባልም የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል።